ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ ከጎንደር የማወራችሁ ስለ ምርጫ አስፈጻሚዎች ነው። ምርጫ በመጣ ቁጥር ወሬው ስለ ዕጩና ስለ ፓርቲ ብቻ ይሆናል። እኔ ግን የመራጩ ፈቃድ የሚጠበቀውም የሚበላሸውም መዝገብና ሳጥን ይዘው በተቀመጡት ሰዎች እጅ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከቦታው ልጀምር። ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ የተካሄደው ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። የጎንደርን ሰኔ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ጠራ ብሎ ከሰዓት ይወርዳል። ከተማው ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ስለዚህ ጣቢያው ትምህርት ቤት ውስጥ ከሆነ ምድር ላይ ያለ፣ በረንዳ ያለው ክፍል ይያዝ። ፎቅ ላይ የተከፈተ ጣቢያ በከዘራ የሚሄዱ አዛውንትን ከደጅ መለሰ ማለት ነው። መዝገቡ ከበሩና ከመስኮቱ ይራቅ። ቀለም የሚቀባው አስፈጻሚ አጠገብ ደረቅ ጨርቅ ይኑር፤ በረጠበ ጣት ላይ ቀለሙ በደንብ አይይዝም።

አንድ ጣቢያ እስከ 1,500 መራጭ ሊመዘግብ ይችላል። ድምፅ የሚሰጠው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት፣ ማለትም 720 ደቂቃ ነው። አስሉት፤ ሁሉም ቢመጣ ለአንድ ሰው ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይደርስም። በሚስጥር ድምፅ መስጫው ውስጥ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ሰው፣ እያንዳንዱ በራሱ መከለያ፣ ካልገባ ሰልፉ አያልቅም። በ2013 ሰልፉ በመርዘሙ ሰዓቱ እስከ ምሽቱ 3 ተራዝሟል። 12 ሰዓት ሲሞላ አንድ አስፈጻሚ ወጥቶ ከመጨረሻው ሰው ጀርባ መቆም አለበት። ከእሱ ፊት ያለ ሁሉ ይመርጣል፣ ከኋላው የመጣ አይመርጥም። ይህ ካልተደረገ በጨለማ «ቀድሜ ነበርኩ፣ አልነበርክም» ይነሳል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ እርዳታ ወደሚያስፈልገው መራጭ። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ አዛውንት፣ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ ያገኛሉ፤ ይህን ሕዝቡም ራሱ ያደርገዋል። ከባዱ ከዚያ በኋላ ነው። ዓይናቸው የደከመ እናት ከልጃቸው ጋር ሲመጡ አስፈጻሚው ልጁን ማናገር ይቀናዋል። የለም። «እማማ፣ እንዲረዳዎት የሚፈልጉት ማንን ነው?» ብሎ እሳቸውን ይጠይቅ። ልጁ ቀድሞ ከመለሰ «ወንድሜ፣ እሳቸው ይንገሩኝ»። ረዳቱን የሚመርጡት እሳቸው ናቸው፤ ልጃቸውም ላይሆን ይችላል። በቤት ውስጥ የማይነገር የፖለቲካ ልዩነት እንዳለ አትርሱ።

ማንበብ የማይችል ሰው ማብራሪያ ሲጠይቅ በናሙናው የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ያሉት ምልክቶች ሁሉ ከላይ እስከ ታች በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ፍጥነት ይነበቡ። አንዱ ላይ ቆም ማለት፣ በጣት መንካት፣ ድምፅ ከፍ ማድረግ፣ ይህ ሁሉ መምራት ነው። «የትኛው ይሻላል፣ ልጄ?» ቢሉ መልሱ «እሱን መናገር አይገባኝም፤ ከመጀመሪያው ደግሜ ላንብብልዎ» ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ሰልፉም ያጉረመርማል። ያጉረምርም! ወረቀቱን ያበላሸ መራጭ ካለም የተበላሸውን መልሶ ሌላ ይሰጠዋል፤ ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ አፍሮ የተበላሸውን ይከታል።

ቆጠራው ሲደርስ ሁሉም ደክሟል፣ ሳጥኑን ቶሎ መክፈት ይፈልጋል። እዚህ ላይ ግትር ነኝ፤ ሂሳቡ ሳይያዝ ሳጥን አይከፈት። እንበል ጣቢያው 1,500 የተወካዮች ምክር ቤት ወረቀት ተረከበ። ያልተሠራበት 388፣ ተበላሽቶ የተመለሰ 7 ከሆነ፣ ሳጥኑ ውስጥ 1,105 መኖር አለበት። በመዝገቡ ላይ የፈረሙትም 1,105 መሆን አለባቸው። እነዚህ ቁጥሮች በፓርቲና በዕጩ ወኪሎች፣ በታዛቢዎችም ፊት ቀድመው ይጻፉ። ከከፈታችሁ በኋላ የምትጽፉት ቁጥር በቅንነት ቢሆን እንኳ እንዲገጥም የተደረገ ይመስላል።

ባይገጥምስ? መጀመሪያ የክልል ምክር ቤቱን ሳጥን ፈትሹ፤ መራጩ ሁለት ወረቀት ስለሚይዝ ሳጥን መሳሳት የተለመደ ነው። ቀጥሎ የተጣበቁ ወረቀቶችን ለያዩ፣ በእርጥብ አየር ይጣበቃሉ። ከዚያ ሳይፈረም የታለፈ ስም ፈልጉ። ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ የሄደ ሰውም አለ፤ ያ አይገኝም። ልዩነቱ ካልተፈታ እንዳለ ይጻፍ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝበት። ሁለት ወረቀት ጎደለ ብሎ የጻፈ ጣቢያ ምንም ሳይጎድል ከተፈራረመ ጣቢያ ይልቅ እኔን ያሳምነኛል።

መብራት ከሄደ የባትሪ መብራቱ ጠረጴዛው መሃል ይሁን፣ እያንዳንዱ ወረቀት ወደ ወኪሎቹ ዞሮ ይታይ። ወኪል አልፈርምም ቢል ምክንያቱ ቅጹ ላይ ይስፈር። የተፈረመው ውጤት ደጅ ላይ ሲለጠፍ ደግሞ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ዝናብ በማያገኘው ግድግዳ ላይ ይሁን፤ ጠዋት የሚመጣ ሰው ቁጥሩን አንብቦ ከላይ ከሚነገረው ጋር ማስተያየት አለበት።