አክስቴ «ምች ነው» አለችኝ

ሜሮን፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬም አራት ኪሎ ነን። መስኮቱን ዘግተነዋል፣ ግን መሀል ላይ «ፒያሳ ፒያሳ!» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ የእኛ አይደለም፣ የታክሲ ረዳቱ ነው። ዳዊት አብሮኝ አለ።

ዳዊት፦ አለሁ። ከመድኃኒት ቤት በቀጥታ ነው የመጣሁት፣ ጋዋኔ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ሜሮን፦ የዛሬው ጉዳይ የራሴ ነው። ለጭንቀት ሁለት ዓመት ሰርትራሊን የሚባል፣ ለድብርትም የሚታዘዝ ክኒን ወስጃለሁ። ጠዋት ጠዋት፣ ከቁርስ ጋር። ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ቁርስ ቀረ። እኔም «ደህና ነኝ እኮ» አልኩና ክኒኑንም ከቁርሱ ጋር ተውኩት።

ዳዊት፦ በአንዴ?

ሜሮን፦ በአንዴ። ለማንም ሳልናገር። በሦስተኛው ቀን ቸርችል ጎዳና ላይ መኪና አሳልፌ ልሻገር ዓይኔን ወደ ጎን ሳዞር፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ኤሌክትሪክ ነዘረኝ። ጥዝ! ደግሜ ሳዞር፣ ጥዝ! ከዚያ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ሌሊት ፊልም የሚመስል ሕልም። በሰው ሁሉ እጮሃለሁ። አክስቴ አየችኝና «ምች ነው የመታሽ» አለች።

ዳዊት፦ [ሳቅ] ዳማከሴ መጣ በይኛ።

ሜሮን፦ ጨምቃ በቡና ሲኒ አጠጣችኝ፣ የተረፈውን ግንባሬን ቀባችኝ። ንዝረቱ አልቆመም። ግን ተኛሁ። አጠገቤ ቁጭ ብላ ጥጥ ስትፈትል እያየሁ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

ዳዊት፦ ይቺን ያዢልኝ፣ እመለስባታለሁ። መጀመሪያ ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ሰርትራሊን ከሰውነት ቶሎ ነው የሚወጣው። በአንድ ቀን ገደማ መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል። አንጎልሽ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ራሱን ለእሱ አስተካክሎ ኖሯል። በድንገት ሲቀርበት ይደናገራል። ፍሉኦክሰቲን የሚባለው ዘመዱ ቢሆን ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ብዙ ጊዜ ይቀላል።

ሜሮን፦ እኔን ያስፈራኝ «ሱሰኛ ሆኛለሁ ማለት ነው?» የሚለው ነበር።

ዳዊት፦ አይደለም። ሱሰኛ ያምረዋል፣ መጠኑን ይጨምራል፣ ይፈልጋል። አንቺ ክኒኑ አላማረሽም። ሰውነትሽ ለምዶት ነው። ደግሞ ሁሉም ሰው ላይ አይደርስም። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት ሳይካያትሪ የሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ሥራ ወጥቶ ነበር። የድብርት መድኃኒት ካቆሙት ውስጥ 31 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ምልክት ታይቶባቸዋል።

ሜሮን፦ ብዙ ነው እኮ።

ዳዊት፦ ቆይ። ባዶ ክኒን ሲወስዱ ቆይተው ያቆሙትም 17 በመቶዎቹ ምልክት አሳይተዋል።

ሜሮን፦ ምንም ያልወሰዱት?

ዳዊት፦ ምንም። ስለዚህ በራሱ በመድኃኒቱ የሚመጣው ከስድስትና ከሰባት ሰው አንዱ ላይ ነው። የቀረው ፍርሃትና «ይመጣብኛል» ብሎ መጠበቅ ይመስላል። አክስትሽን ያዢልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ፍርሃት ካባባሰው፣ አጠገብሽ ተረጋግቶ የሚፈትል ሰው ሊያቀለው ይችላል። ዳማከሴው ራሱ ንዝረቱን ለማስታገሱ ማስረጃ የለኝም። ፈትሉ ግን ይገባኛል።

ሜሮን፦ [ሳቅ] ስለዚህ ባህላዊ ነገር ሁሉ ችግር የለውም?

ዳዊት፦ እሱን አላልኩም! ከቅጠሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ከሻንጣ የሚወጣው ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ የሚታደለው ዕቃ። ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባል አለ፣ ከአበባ የሚሠራ፣ ለድብርት የሚሸጥ። ሰርትራሊን እየቀነስሽ እሱን ብትጨምሪበት ሴሮቶኒን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል ከመጠን በላይ ሊጨምር ይችላል። ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት። ሰው ሊገድል ይችላል። «ተፈጥሯዊ» ስትባዪ ሬትም ተፈጥሯዊ ነው በያቸው።

ሜሮን፦ መርፌውስ? የቻይናው።

ዳዊት፦ አኩፓንክቸር። ኒው ዮርክ ሊንከን ሆስፒታል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጆሮ ላይ መርፌ በመትከል የሱስ ሕክምና ጀምረው ነበር፣ ዘዴው በሌሎች ቦታዎች እስካሁንም ይሠራበታል። ጥናቶቹ ግን አይስማሙም። መርፌው ንጹሕ ከሆነና ገንዘቡ ካልከበደሽ ዘና ያደርግሻል፣ እሱም ቀላል አይደለም። መድኃኒቱን ይተካልኛል ብለሽ ግን አትሂጂ።

ሜሮን፦ እሺ፣ የሚሠራው ምንድን ነው ታዲያ?

ዳዊት፦ ቀስ ማለት። አታዛጊ! ቸርችልን አስቢው። ከማዘጋጃ ቤት ስትወርጂ ቁልቁለት ነው፣ ወደ ለገሃር ስትጠጊ ሜዳ ይሆናል። መድኃኒት መቀነስ የዚህ ግልባጭ ነው። ላይኛው ሜዳ ነው፣ ገደሉ ታች ነው ያለው። ከ100 ሚሊግራም ወደ 50 ስትወርጂ ብዙም ላይሰማሽ ይችላል። ከ25 ወደ ዜሮ ስትዘዪ ግን ትወድቂያለሽ፣ ምክንያቱም ትንሿ መጠን ራሷ አንጎል ላይ ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ስለዚህ ወደ መጨረሻ ሲቀርብ እርምጃው እያነሰ መሄድ አለበት። ሰው ደግሞ የሚቸኩለው እዚያች ላይ ነው። «ቁራጭ ናት፣ ምን ታመጣለች!»

ሜሮን፦ እኔ ሐኪም ጋ ስመለስ ወደ ድሮው መጠን መለሰኝ። በሁለት ቀን ንዝረቱ ጠፋ። ከዚያ አምስት ወር ወሰደብኝ። ቅር የሚለኝ ሲታዘዝልኝ «ማቆም ስትፈልጊ ንገሪን» ያለኝ ሰው አለመኖሩ ነው።

ዳዊት፦ እኛም ጋ ነገሩ ያው ነው። ስንሸጥ «ከምግብ በኋላ» እንላለን፣ አለቀ። በነገራችን ላይ ያ በሁለት ቀን መጥፋቱ ትልቅ ምልክት ነው። ሕመሙ ራሱ ተመልሶ ቢሆን ቀስ ብሎ፣ በሳምንታት ነበር የሚመጣው፤ መድኃኒቱን ስትጀምሪም በሁለት ቀን አይለቅም። ንዝረት ደግሞ ከጭንቀት ሳይሆን ከማቆም ነው።

ሜሮን፦ ዲያዜፓምስ፣ ማረጋጊያው ክኒን?

ዳዊት፦ እሱ ላይ ቀልድ የለም። ለወራት ዲያዜፓም የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍ ሊመጣበት ይችላል። ሻይ፣ ማሳጅ፣ ጸሎት ብቻውን እዚያ አያስጥልም። ሐኪም ሳያይ አንድም ፍሬ አይቀነስም።

ሜሮን፦ እንቅልፍ ግን... ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ እንቅልፍ ነበር።

ዳዊት፦ ስንት ሰዓት ነው ቡና የምትጠጪው?

ሜሮን፦ ቤት ስገባ፣ አሥር ሰዓት። እስከ በረካ።

ዳዊት፦ ካፌይን ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ነው ግማሹ የሚወጣው። አሥር ሰዓት የጠጣሽው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ግማሹ አንቺ ውስጥ አለ። ከዚያ «መድኃኒት ነው እንቅልፍ የነሳኝ» ትያለሽ።

ሜሮን፦ አክስቴ ቡና እምቢ ስላት ጉድ ነበር የሆነው።

ዳዊት፦ ጠዋት አጣጪያት። ደግሞ ከመድኃኒት ውጭ ካለው ሁሉ ማስረጃው ጠንከር ያለው የእንቅልፍ ባህሪ ሕክምና ነው። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት መነሳት፣ እንቅልፍ ካልመጣ ከአልጋ መውረድ፣ አልጋ ላይ ስልክ አለመነካካት። ካናዳ ውስጥ የእንቅልፍ ክኒን የለመዱ 76 አረጋውያን ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጥቷል። ክኒኑን ቀስ በቀስ ብቻ ከቀነሱት 48 በመቶ ነው ያቆሙት። ይህን ሕክምና ከጨመሩት 85 በመቶ።

ሜሮን፦ እና ከሻንጣ የሚመጣ አያስፈልገውም።

ዳዊት፦ ማንቂያ ሰዓት ብቻ። ሌላው እንቅስቃሴ ነው። ንጋት ላይ መስቀል አደባባይ ደረጃውን የሚወጡ የሚወርዱትን አይተሻል? በነጻ ነው።

ሜሮን፦ እኔ ማዞሩ ስለነበረብኝ ሩጫ አልሞከርኩም። ከአራት ኪሎ ፒያሳ በአዲሱ የእግረኛ መንገድ መሄድ ግን ጀመርኩ። ጠበልም ሄጃለሁ፣ እንጦጦ ማርያም።

ዳዊት፦ መድኃኒቱን አቁሚ ያለሽ አለ?

ሜሮን፦ ወረፋ ላይ አንዲት እናት። «እምነት ካለሽ ክኒን ምን ያደርግልሻል» አሉኝ። ክፉ አስበው አይደለም።

ዳዊት፦ ይሄ ክርክር ለኤች አይ ቪ መድኃኒትም ነበረ። ያኔ በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለዋል። ለአንዷ እናት እሱን ንገሪያቸው። ጠበል ብዙ ጠጥተሽ ካስመለሰሽ ግን ክኒኑ አብሮ ሊወጣ ይችላል፣ ሰዓቱን አራርቂው።

ሜሮን፦ አሁን ከጨረስኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ሐኪሜ ሁሉንም ለአክስቴ ቁጭ ብሎ አስረዳት፣ ሴሮቶኒኑን፣ ሁሉንም። አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችው።

ዳዊት፦ ገባት?

ሜሮን፦ ሲጨርስ «እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር» አለችው። ከዚያ ደረጃው ላይ ወደ እኔ ዞራ፣ «እሱ ምች አያውቅም» አለችኝ።

ዳዊት፦ [ሳቅ]