ፊርማው የማን ነው? (በደብረ ማርቆስ ለሕግ ባለሙያዎችና ለመዝገብ ቤት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)

ክቡራን ዳኞች፣ ዐቃብያነ ሕግ፣ የሙያ ባልደረቦቼ ጠበቆች፣ እንዲሁም እንደ ልማዳችሁ ከኋላ ወንበር የተቀመጣችሁ የመዝገብ ቤትና የጽሕፈት ሠራተኞች፤ እንደምን አደራችሁ? ከሞጣና ከቢቸና በሌሊት የተነሣችሁ፣ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ትናንት የገባችሁ፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ በኤሌክትሮኒክ ሰነድ ውስጥ ያለ ሚስጥራዊ መረጃ አያያዝ የሚል ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003ማ ከዚያም ይቀድማል። ሁለቱንም አንብባችኋል፣ ያላነበበ ካለም ከሰዓት በኋላ የሚናገሩት ወንድሜ አንቀጽ በአንቀጽ ይወስዱታል። እኔ የመጣሁት ስለ አንድ ፋይል ልናገር ነው።

አንዳንዶቻችሁ መዝገቡን ታስታውሱታላችሁ። ከዚህ ብዙ የማይርቅ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ የእህል መጋዘን ጉድለት አገኘሁ ብሎ ሠራተኞቹን ያስከስሳል። እኔ ለአንደኛው ተከሳሽ ቆሜያለሁ። ክርክሩ ሁሉ ያለው በገቢና ወጪ ሰንጠረዡ ላይ ስለሆነ፣ ድምሩ እንዴት እንደመጣ እንድናይ ኤክሴሉ እንዳለ በሶፍት ኮፒ ይቅረብ አልን፤ ችሎቱም አዘዘ። ሰንጠረዡ ላይ ግን ጉድለቱን የጠቆሙት ሰዎች ስምና ስልክ ተመዝግቦ ነበር። ያ እንዲወጣና ሌላው እንዲሰጠን ታዘዘ። ትክክለኛ ትእዛዝ ነው፤ እኔም አልተቃወምኩም።

ፋይሉ በፍላሽ መጣ። ረዳቴ ከፈተችውና ትንሽ ዝም ብላ ቆየች። «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ኢ አለ፣ ኤፍ አለ፣ ከዚያ ጄ ነው። ጂ፣ ኤችና አይ የት ሄዱ?» አለችኝ። ኤፍንና ጄን አንድ ላይ መረጠች፣ የማውሱን ቀኝ ተጫነች፣ አንድ ነገር ነካች። ሦስቱ አምዶች ከነነፍሳቸው ተመለሱ። ስም ከነአባት፣ ስልክ ቁጥር፣ ጥቆማው የተሰጠበት ቀን። አንደኛውን ሰውዬ አውቀዋለሁ፤ ሰላምታ የምንለዋወጥ ሰው ነው።

ፋይሉን ዘግተን ወዲያው ለችሎቱ አመለከትን። ምን ዋጋ አለው? ያው ፍላሽ ለሌሎቹ ተከሳሾችም ተባዝቶ ተሰጥቷል። የገበያው ቀን ሳይደርስ ስሞቹ በቴሌግራም ዞሩ። ያ የማውቀው ሰው ሱቁን ቆልፎ፣ ልጆቹን ይዞ፣ አባይን ተሻግሮ ዘመድ ቤት ገባ። ሕግ አክብሮ ላመለከተ ሰው ያደረግንለት ይህንን ነው።

አሁን ጥያቄዬን ስሙኝ። ማን ተቀጣ?

የኮምፒውተር ጸሐፊዋ! የደመወዝ ቅጣትና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። «አምዶቹን ደብቂያቸው» ተባለች፤ ደበቀቻቸው። ከዚህ በላይ ምን ታድርግ? መሸኛ ደብዳቤው ግርጌ ላይ ክብ ማኅተም አለ፣ ቲተር አለ፣ የኃላፊ ፊርማ አለ። ያ ፊርማ የማን ነው? ባለፊርማው ፋይሉን ከፍቶ አይቶታል? አላየውም! ደብዳቤውን ፈረመ፣ ፍላሹን በፖስታ አሸገ፣ ሲፈነዳ ጣቱን ወደ ልጅቱ ቀሰረ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያላደረገ ኃላፊ ካለ እጁን ያውጣ። (እጅ አላይም።)

የብራና ጸሐፊ እንኳ ሲሳሳት ጨርቅ አይጥልበትም፤ በምላጭ ይፍቀዋል፣ ፊደሉ ከቆዳው ይለቃል። እኛ በኮምፒውተር ዘመን ጨርቅ የምንጥል ሆነናል።

ጉዳዩ የእኛ ኋላ ቀርነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆቹ 2023 ነሐሴ ወር የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ በመረጃ ነፃነት ሕግ የፖሊሶቹን ብዛት በማዕረግ የጠየቀውን ሰው በኤክሴል መለሰለት። ፋይሉ ውስጥ ግን ሌላ ያልታየ ገጽ ነበረበት። በእርሱ ላይ የ9,483 የፖሊስ አባላትና ሠራተኞች የቤተሰብ ስም፣ ማዕረግና የሚሠሩበት ቦታ ተዘርዝሯል፤ ፖሊስ መሆንህ ከታወቀ መኪናህ ሥር ቦምብ በሚጠመድበት አገር! ፋይሉ ኢንተርኔት ላይ የቆየው ለሰዓታት ብቻ ነው። የመረጃ ተቆጣጣሪው 750,000 ፓውንድ ቀጣቸው። የቀጣው መሥሪያ ቤቱን ነው እንጂ ታይፒስት አይደለም። ይህን አስምሩበት።

በፈረንጆቹ ቁጥር 2019 ጥር ላይ ደግሞ የዶናልድ ትራምፕ የምርጫ ዘመቻ ኃላፊ የነበረው የፖል ማናፎርት ጠበቆች ለአሜሪካ ፍርድ ቤት ያቀረቡት ፒዲኤፍ መስመሮቹ በጥቁር ተሸፍነው ነበር። ጋዜጠኞች ጥቁሩን ኮፒ አድርገው ሌላ ገጽ ላይ ሲለጥፉት ጽሑፉ እንዳለ ወጣ።

«እንግዲያው ፕሪንት አድርገን፣ በማርከር አጥቁረን፣ ስካን እናደርጋለን» የምትሉ አላችሁ፤ ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። በዚያው በ2023 የሶኒ ኩባንያ ሰነድ ለአሜሪካ ፍርድ ቤት በማርከር ጠቁሮ ቀርቦ፣ ሲስካን ከማርከሩ ሥር ቁጥሮቹ ተነበቡ። ለአንድ ገጽ ደብዳቤ በጥንቃቄ ከተሠራ መንገዱ ያስኬዳል። አሥር ሺህ መስመር ያለው ሰንጠረዥ ግን ፕሪንት ሲደረግ ፎርሙላው ይሞታል፣ አምዱ ከአምድ ይለያያል፤ ማስረጃ መሆኑም ያበቃል።

ለዚህ ነው በውጭ አገር ሪላቲቪቲን የመሳሰሉ የሰነድ መመርመሪያ ሶፍትዌሮች በኦሪጅናሉ ፋይል መልክ ላይ የሚሠሩት። ዋናው ሳይነካ ይቀመጣል። በቅጂው ላይ ሴሉ ውስጥ ያለው ይጠፋና በቦታው «ተወግዷል» የሚል ምልክት ይገባል፤ ሰንጠረዡ ሰንጠረዥ እንደሆነ ይቀራል። እዚህም ላይ ወጥመዱ ብዙ ነው። የአንድ ሰው ደመወዝ አጥፍታችሁ ድምሩን ከተዋችሁት፣ ቀንሶ ለማግኘት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ይበቃል። ፒቮት ቴብል፣ ማለትም ከሌላ ገጽ ውሂብ ቀድቶ የሚያጠቃልል ሰንጠረዥ ካለ፣ ምንጩን ገጽ ብትሰርዙትም ውሂቡ ከሥር ተቀምጦ ሊቆይ ይችላል። ወርድ ላይ የቆረጣችሁት ፎቶ የተቆረጠው ጎኑ አብሮ ይሄዳል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሶፍትዌሩ ለፍለጋ ብሎ ከሰነዱ የቀዳው ጽሑፍ ነው። ምስሉ ጠቁሮ፣ የተቀዳው ጽሑፍ ሳይነካ አብሮ ከተላከ ምኑን ጠቆረ?

ሶፍትዌር መግዛት ብቻውን እንደማያድን ደግሞ የአሜሪካውን ባንክ የዌልስ ፋርጎን ነገር ተመልከቱ። በፈረንጆቹ 2017 የባንኩ ጠበቃ በእንዲህ ያለ ሶፍትዌር ሰነድ ገምግማ ለተከራካሪ ወገን ስትሰጥ፣ የ50,000 ገደማ ሀብታም ደንበኞች ዝርዝር አብሮ ሄደ። ጠበቃዋ እንደገለጸችው ስክሪኗ ላይ የምታየው ከሰነዶቹ ከፊሉን ብቻ ነበር። ሄዶ እጅ የገባውን ግን ከመሄዱ በፊት ሁሉንም አላየችውም።

የእኛ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ እርሱን ፈረንጅ መጥቶ አይፈታልንም። ኮምፒውተሩን «ኃይሉ» የሚለውን ስም ፈልገህ አጥፋ ትሉታላችሁ። ያገኛል፣ ያጠፋል፣ ጨረስኩ ይላል። ቀጣዩ ገጽ ላይ ሌላ ጸሐፊ «ሃይሉ» ብሎታል፣ ፖሊስ ጣቢያው «ሐይሉ» ብሎታል። ሙሉውን ቃል ብቻ ፈልግ ካላችሁትም «ለኃይሉ» እና «ከኃይሉ» ያመልጡታል። የድሮ ፋይሎች ከዚህም ይብሳሉ። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት በቪዥዋል ግዕዝና በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ፊደሎች ስንጽፍ ኖረናል። ስክሪኑ ላይ አማርኛ ይታያችኋል፤ ከሥሩ ያለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ስሙን ብትፈልጉ ምንም የለም ይላችኋል፤ እናንተም ንጹሕ ነው ብላችሁ ትፈርማላችሁ።

የመሬት መዝገብ ላይ የባለይዞታዋን ስም አጥፍታችሁ አዋሳኞቿን ስትተዉስ? በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን ወንዝ። ለቀበሌው ሰው ይህ ከስሟ በላይ ይናገራል። ጎጃም ውስጥ አዋሳኙን የማያውቅ ገበሬ አለ እንዴ?

ስለ ገንዘብ አትጠይቁኝ፤ ውድ ነው፣ ለአንድ ጠበቃ አይታሰብም። ወርድና ኤክሴል የተደበቀ ነገር የሚፈትሹበት መሣሪያ አላቸው፤ ከእርሱ ጀምሩ። ስለ ሥልጠናም ሌሎች ይናገራሉ።

እኔ ያቀረብኩት የውሳኔ ሐሳብ በእጃችሁ ባለው ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። ከማንኛውም ሶፍት ኮፒ ጋር የሚሄድ መሸኛ ላይ ሁለት መስመር ይጨመር፤ ምን እንደተወገደ፣ የሚሄደውንም ቅጂ በሌላ ኮምፒውተር ከፍቶ ያየው ማን እንደሆነ። ስሙም የኃላፊው ይሁን። ኃላፊው ካላየው፣ አይፈርምም። ከፈረመ ደግሞ ቅጣቱ የእርሱ ነው፤ ከኋላ ወንበር ያሉት የእኅቶቼ አይደለም!

ሰብሳቢውን የምጠይቀው ከሻይ በፊት ድምፅ እንዲሰጥበት ነው። ከሻይ በኋላ ኃላፊዎቹ ይሄዳሉ፤ እናውቃቸዋለን።

አመሰግናለሁ።