ለዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር፦ ከመቀስ እስከ ጆንያ

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ በግ አርቢዎች፣ ፈታዮችና ሸማኔዎች፣ ክቡራን እንግዶቻችን፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

ዘንድሮም «ፀጉረ ረጅም የፈረንጅ አውራ በግ ይምጣልን» የሚል ጥያቄ ቀርቧል። ሊንከን የተባለው የእንግሊዝ በግ ፀጉር ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይረዝማል፤ እንደ ሐር ያብለጨልጫል። ታዲያ ረጅም ነው እንጂ ለስላሳ አይደለም፤ ይህን ብዙ ሰው ያምታታዋል። ነገሩም ለእኛ አዲስ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960ዎቹ ሮምኒና ኮሪዴል የተባሉ የፈረንጅ በጎች ደብረ ብርሃን መጥተው ከመንዝ በግ ጋር ተዳቅለዋል። ኮሪዴል ራሱ ኒውዚላንድ ውስጥ ከሊንከንና ከሜሪኖ የወጣ ነው። ገበሬው ግን ዲቃላውን አልወደደውም፤ ላት የሌለው በግ ገበያ ላይ ዋጋ አያወጣም። በዚያ ላይ ያንን ሁሉ ፀጉር የሚያበቅለው መኖ ነው፤ መኖው ከየት ይመጣል?

የመንዝ ፀጉር ሻካራ ነው። ለባናም፣ ለዝተትም፣ ለምንጣፍም የሚፈለገው ሻካራው ነው። ገንዘባችን የሚባክነው በዝርያው ሳይሆን በአያያዛችን ነው።

ከሽለታው ልጀምር። በጉ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ሳይበላ ይደር፤ ሆዱ ባዶ ከሆነ አይጨነቅም፣ ፀጉሩንም አያቆሽሽም። እርጥብ ፀጉር አይሸለት፤ ጆንያ ውስጥ ይሻግታል። ለመውለድ የተቃረበች በግም አትነካ። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ የተሸለተ በግ ይገድላል፤ በሌላም ወቅት ቢሆን ከተሸለተ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ሌሊት ቤት ይደር፣ መኖም ይጨመርለት። መሬቱ ላይ ንጹሕ ሸራ ይነጠፍ። መቀሱ ወደ ቆዳው ተጠግቶ በአንድ ጊዜ ይቁረጥ። «ቀርቷል» ብሎ ያንኑ ቦታ ዳግመኛ መከርከም ቁርጥራጭ ያመጣል፤ ቁርጥራጩ እንዝርት ላይ አይያዝም፣ ክሩን ያጎረብጠዋል። የሆድና የእግር ፀጉር፣ እበት የነካው፣ ጭጎጎት የያዘው ለብቻ ይቀመጥ። ጥቁሩ ከነጩ አይቀላቀል፤ ጥቂት ጥቁር ዘለላ አንድ ጆንያ ነጭ ያበላሻል።

ፀጉር ስትረከቡ ደግሞ በዓይን ብቻ አትመኑ። የእርሳስ ውፍረት ያለው ዘለላ ምዘዙ፤ ሁለቱን ጫፍ ጨብጣችሁ ወጥሩትና ጆሯችሁ አጠገብ መሐሉን በጣት ምቱት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። ከተንጣጣ ወይም ከተበጠሰ በጉ አንድ ወቅት ተርቧል አለዚያም ታሟል፤ በዚያን ጊዜ የበቀለው የፀጉሩ ክፍል ቀጥኗል። ቆርጣችሁ አታስተካክሉትም፤ ክሩ እዚያው ላይ ይበጠሳል።

ከሁሉ የከፋው የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ከረጢቱ ሲያረጅ የፕላስቲክ ጭረቱ እየተላጠ ፀጉሩ ውስጥ ይገባል። በደጋን ሲነደፍ አይለይም፣ ሲታጠብ አይወጣም፣ ቀለምም አይቀበልም። ምንጣፉ ተሠርቶ ሲያበቃ ነጭ መስመር ሆኖ ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ገዢው ይመልሰዋል። የቃጫ ጆንያ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ያም ሆኖ አመራሩ ከዚህ በኋላ በማዳበሪያ የመጣ ፀጉር እንዳይረከብ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል።

ስለ እጥበቱ ባለሙያዎቻችን ከሰዓት በኋላ ያሳያሉ። እስከዚያው ሁለት ነገር ያዙ፦ ፀጉሩን ሙቅ የሳሙና ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት እንጂ አትሹት፤ ከሙቅ አውጥታችሁ ቀዝቃዛ ውስጥ አትክተቱት፣ ይጠቀጠቃል። በረኪና ደግሞ ጨርሶ አይነካው፤ ፀጉሩን ያሟሟዋል።

የመጀመሪያው አጀንዳ የጆንያ ግዢ ነው። ጉባኤው በይፋ ተከፍቷል።