ፌብሩዋሪ 12፦ የተገጣጠመ ቀን፣ የተመረጠ ቀን

[ምስል፦ ባለ አንድ ክፍል የግንድ ጎጆ፤ ቀጥሎ ትልቅ የጡብ ቤት]

ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809። አሜሪካ፣ ኬንታኪ ውስጥ፣ በአንዲት ጎጆ ወንድ ልጅ ተወለደ። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው አብርሃም ሊንከን ነው። በዚያው ቀን እንግሊዝ ውስጥ፣ ሽሩስበሪ ከተማ፣ በአንድ ሀብታም ሐኪም ቤት ሌላ ወንድ ልጅ ተወለደ። እሱ ደግሞ በዝግመተ ለውጥ ንድፈ ሐሳቡ የታወቀው ሳይንቲስት ቻርልስ ዳርዊን። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሊንከን ትምህርት ቤት የቆየበት ጊዜ ቢደመር አንድ ዓመት አይሞላም። ዳርዊን ኤድንብራ፣ ከዚያም ካምብሪጅ ተምሯል። እናታቸውን ግን ሁለቱም በልጅነታቸው አጥተዋል፤ ዳርዊን በ8፣ ሊንከን በ9 ዓመቱ። በአካል ተገናኝተው አያውቁም።

ታዲያ ቀኑ የተለየ ነገር አለው? የለውም። ዓመቱ 365 ቀን ነው፤ የሚወለደው ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። መገጣጠሙ አይቀርም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፦ ሁለቱም ባርነትን መጥላታቸው።

[ምስል፦ የቢግል መርከብ ሥዕል]

ዳርዊን በቢግል መርከብ ሲዞር ብራዚል ደረሰ። ሪዮ ዴ ጄኔሮ አጠገብ ካረፈበት ቤት ፊት ለፊት አንዲት አሮጊት ትኖር ነበር። ቤቷ ውስጥ የሴት ባሪያዎቿን ጣት የምትጨፈልቅበት ብሎን ነበራት። ዳርዊን ይህን ከዓመታት በኋላም አልረሳውም፤ ጽፎ አስቀርቶታል። ሊንከን ደግሞ ጃንዋሪ 1 ቀን 1863፣ ያመፁት ግዛቶች ውስጥ ያሉ ባሪያዎች ነጻ ናቸው ብሎ አወጀ።

በዚሁ ቀን ሌላም ብዙ ነገር ሆኗል። በ1912 የቻይናው የመጨረሻ ንጉሠ ነገሥት ፑዪ ዙፋኑን አጣ፤ ገና የ6 ዓመት ልጅ ነበር። በ2001 አንዲት የጠፈር መንኮራኩር ኤሮስ በተባለ አስትሮይድ (ፀሐይን በሚዞር አለት) ላይ አረፈች፤ ለማረፍ እንኳ አልተሠራችም ነበር። እነዚህን የሚያገናኝ ነገር የለም።

አንዳንዱን ቀን ግን ሰው መርጦታል። የአርጀንቲናና የቺሊ ታጋዮች ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1817 ቻካቡኮ ላይ የስፔንን ጦር ድል አደረጉ። ቺሊ ነጻነቷን ያወጀችው ልክ በዓመቱ፣ በዚያው ቀን ነው።

[ምስል፦ ስፕሪንግፊልድ፣ የተቃጠሉ ቤቶች]

ከሁሉም ልቤን የሚነካው ግን የ1909ኙ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት፣ ሊንከን በኖረባትና በተቀበረባት ስፕሪንግፊልድ፣ ነጮች በጥቁሮች ላይ ተነሱ። ቤት አቃጠሉ። ሁለት ጥቁሮችን በደቦ ፍርድ ገደሉ። ያውም በሊንከን ከተማ!

ከዚህ በኋላ 60 ያህል ሰዎች ለጥቁሮች መብት እንታገል የሚል አንድ ጥሪ ፈረሙ። ጥቁር ጋዜጠኛዋ አይዳ ቢ. ዌልስና ጥቁር ምሁሩ ደብሊው ኢ. ቢ. ዱ ቦይስ ከፈራሚዎቹ መካከል ነበሩ። ኤንኤኤሲፒ የተባለው የጥቁሮች መብት ድርጅት የተወለደው ከዚህ ጥሪ ነው። ጥሪው እንዲወጣ የተመረጠው ቀን ፌብሩዋሪ 12፣ የሊንከን 100ኛ ልደት ነበር። አገሩ ልደቱን ሊያከብር ሲሰናዳ፣ እነሱ ግን ሊንከን ዛሬ በአካል ተመልሶ ይህችን አገር ቢያይ ቅስሙ ይሰበር ነበር ብለው ጻፉ።