«ክላስ» እና ጊዜ ያልተሰጠው ሐዘን

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን «ክላስ» የሚባለውን የእንግሊዞች ተከታታይ ድራማ እንደገና አየሁት፤ ሳላወራላችሁ ማለፍ አልቻልኩም። መጨረሻውንም ስለማነሳ፣ ያላያችሁት ካላችሁ ከወዲሁ እወቁት።

«ክላስ» ከ«ዶክተር ሁ» የወጣ ቅርንጫፍ ነው፤ «ዶክተር ሁ» ማለት «ዶክተሩ» የሚባል ከሌላ ዓለም የመጣ ገጸ ባሕሪ በጊዜና በቦታ ውስጥ የሚጓዝበት የእንግሊዞች የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማ ነው። «ዶክተር ሁ» በፈረንጆቹ 1963 ሲጀምር በመጀመሪያው ክፍል የታየችው ኮል ሂል ትምህርት ቤት፣ ያቺ የለንደኗ፣ በ2016 የራሷ ድራማ ተሰራላት። ስምንቱንም ክፍል የጻፈው ፓትሪክ ኔስ ነው። ለወጣቶች በሚጽፋቸው ልብ ወለዶች በ2011 እና በ2012 የካርኔጊን ሜዳሊያ፣ የእንግሊዞቹን የልጆችና የወጣቶች መጻሕፍት ሽልማት፣ አከታትሎ የወሰደ ደራሲ ነው። በትምህርት ቤቷ ውስጥ ጊዜና ቦታ ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ ከሌላ ዓለም ፍጡራን ይገባሉ፤ ተማሪዎቹ ደግሞ ይጋፈጧቸዋል።

እኔን የያዘኝ ግን ፍጡራኑ አይደሉም፤ ሐዘኑ ነው። ራም የሚባል ኳስ ተጫዋች ልጅ አለ። በመጀመሪያው ክፍል የሴት ጓደኛው ዓይኑ እያየ ትገደላለች፣ እሱም አንድ እግሩን ያጣል። ዶክተሩ፣ ተዋናዩ ፒተር ካፓልዲ የሚጫወተው፣ ብቅ ብሎ ከሌላ ዓለም የመጣ ሰው ሰራሽ እግር ሰጥቶት ይሄዳል። ሌላ ድራማ ቢሆን ልጁ በሁለተኛው ክፍል ሲሮጥ እናየው ነበር። እዚህ ግን ኳሷ አልታዘዝ ትለዋለች፤ በሜዳው መሃል ሲወድቅ እናያለን፤ በመጨረሻም እግሩን ገልጦ ለአባቱ ያሳያል። አባትየውም ልጁን ያምነዋል። በወጣቶች ድራማ ላይ ወላጅ ሁልጊዜ የማይሰማ፣ የማይገባው ተደርጎ ስለሚሳል፣ ያ አባት በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ሦስተኛው ክፍል ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ታንያ ከእኩዮቿ ቀድማ ክፍል የዘለለች፣ ወላጆቿ ከናይጄሪያ የሆኑ የ14 ዓመት ልጅ ናት። አባቷ በሞተ በሁለተኛ ዓመቱ ማታ መኝታ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጦ ታገኘዋለች። እጄን ያዢኝ ይላታል። እሷ ደግሞ እንድትይዘው ልቧ እየፈለገ፣ አእምሮዋ እምቢ ይላል። ከዚያ ክፍሉ የሚሄደው በንግግር ነው፤ ልጅ ከሙት አባቷ ጋር ቁጭ ብላ ትሟገታለች። ያ ፍጡር የሚመገበው ሐዘንን ነው። የሳይንስ ልብ ወለድ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ስለ ሚስ ክዊል ደግሞ ብዙ ማለት እችላለሁ። ካትሪን ኬሊ ናት የምትጫወታት። በትውልድ ፕላኔቷ ለሕዝቧ ነፃነት የተዋጋች ሴት ናት፤ ተሸንፋ ተይዛለች። ጭንቅላቷ ውስጥ ሕያው ፍጡር ተክለውባታል፣ መሣሪያ ካነሳች ይገድላታል። የጠላቶቿን ልዑል፣ ተማሪ መስሎ የሚኖረውን ቻርሊን፣ በግድ ትጠብቃለች። ቻርሊ ቅጣት ነው ይላል። እሷ ባርነት ነው ትላለች። ቻርሊ ደግሞ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ትሑት ነው፣ አፍቃሪ ነው። ቁርስ አብሯት የሚቀመጥ ደግ ልጅ የሰው ጌታ ሆኖ ሲኖር ማየት ይከብዳል፤ ድራማውም እንዲከብደን ነው የፈለገው። በስድስተኛው ክፍል ልጆቹ አንድ ክፍል ውስጥ ተቆልፈው፣ የያዘውን ሁሉ እውነት የሚያናግር ድንጋይ እጃቸው ላይ ሲወድቅ፣ የቻርሊ ፍቅረኛ ማቴውሽ እፈራሃለሁ ይለዋል። ያለ ጦርነት፣ አራት ግድግዳና አምስት ልጆች ብቻ።

ታዲያ ምን አበላሸው? ራሱ የገባውን ቃል አልጠበቀም። ዋናዎቹ ጠላቶች፣ የጥላ ወገኖች፣ ከማግሳትና ከማስፈራራት በቀር አንዳች የሚሉት ነገር የላቸውም፤ አራተኛውና አምስተኛው ክፍል ግን ለእነሱና ለንጉሣቸው ለኮራኪነስ ብዙ ሰዓት ይሰጣሉ። ያን ጊዜ ለታንያ ወይም ለክዊል ቢሰጡት ምን ነበረበት!

ይበልጥ ያሳዘነኝ የመጨረሻው ክፍል ነው። ያ ልጁን ያመነው የራም አባት ይገደላል። የታንያ እናትም ትገደላለች። ሁለቱም በአንድ ክፍል! ልጆቹ መርዶውን ሳይውጡት፣ እርም ሳያወጡ፣ ጦርነት ውስጥ ይገባሉ። በሦስተኛው ክፍል ለአንድ አባት ሙሉ ክፍል የሰጠ ደራሲ፣ እዚህ ሁለት ወላጅ ለድንጋጤ ብቻ አጠፋ። ታንያ አባቷን በስንት ሙግት ነው የተሰናበተችው፤ ለእናቷስ? ምናልባት ለቅሶው ለሁለተኛው ሲዝን ቀርቶ ይሆናል። ግን ሁለተኛ ሲዝን አልመጣም፤ በ2017 እንደማይቀጥል ተነገረ። ኤፕሪል የምትባለው ተማሪ በጠላቷ ንጉሥ በኮራኪነስ አካል ውስጥ እንደነቃች፣ ክዊልም እንዳረገዘች ቀሩ።

ተመልካች ያጣበት ሌላም ምክንያት አለ። ለሕፃናት ደሙ በዛ፤ «ዶክተር ሁ»ን ለሚወዱ ትልልቆች ደግሞ የትምህርት ቤት ወሬ መሰላቸው። ድራማውን ያቀረበው ጣቢያ ቢቢሲ ስሪም ያን ጊዜ ከቴሌቪዥን ወጥቶ በኢንተርኔት ብቻ ይሰራ ስለነበር፣ ሪሞት ሲነካካ በአጋጣሚ የሚያገኘው ሰው አልነበረም።

ልታዩት ካሰባችሁ የመጀመሪያውን እዩ፣ ማን ማን እንደሆነ እንድታውቁ። ከዚያ ሦስተኛውን፣ ስድስተኛውን፣ ሰባተኛውን። ሰባተኛው የክዊል ብቻ ነው፤ ያንን ፍጡር ከጭንቅላቷ ለማስወጣት የሄደችበት መንገድ ነው። ልጆቹ ተቆልፈው በነበሩበት በዚያው ሰዓት ነው የሆነው፣ ስለዚህ ሁለቱን አከታትላችሁ እዩአቸው። በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኝ፣ ደህና ሁኑልኝ።