ፎክላንድ ወይስ ማልቪናስ? ስለ ደሴቶች ስም የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አርጀንቲናና ብሪታንያ የተዋጉባቸውን ደሴቶች አንዱ ፎክላንድ፣ ሌላው ማልቪናስ ይላቸዋል። ትክክለኛው ስም የቱ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም የቆዩ ስሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1690 ጆን ስትሮንግ የተባለ እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ በሁለቱ ትልልቅ ደሴቶች መሃል ያለውን የባሕር ሰርጥ በቫይካውንት ፎክላንድ ስም ጠራው። ስሙ ኋላ ላይ ለደሴቶቹም ተረፈ። በ1764 ደግሞ ፈረንሳዊው ቡገንቪል ሰፋሪዎችን ይዞ መጣ። ብዙዎቹ የሰን ማሎ ወደብ ሰዎች ስለነበሩ ደሴቶቹ በእነሱ ስም ማሉዊን ተባሉ። ይህንን ነው ስፔንኛው ማልቪናስ ያደረገው። አርጀንቲና ሙጭጭ ያለችበት ስም ሥሩ ፈረንሳይ ነው ማለት ነው።

ነገሩ የሚከረው ግን በ1982ቱ ጦርነት ነው። 649 አርጀንቲናውያን፣ 255 የብሪታንያ ወታደሮችና ሦስት የደሴቶቹ ነዋሪዎች ሞተዋል። ልጇን እዚያ ያጣች አርጀንቲናዊት እናት ማልቪናስ ስትል የልጇን መቃብር እየጠራች ነው። በሌላ በኩል፣ አርጀንቲና ደሴቶቹን በያዘችባቸው ሳምንታት ዋና ከተማውን ስታንሊን “ፑዌርቶ አርኸንቲኖ” ብላ ሰየመችው። የአርጀንቲና ካርታዎች ዛሬም እንዲሁ ይላሉ። እኔ ሁለቱን ስሞች አንድ ላይ አላያቸውም። ማልቪናስ የዘመናት ዕድሜ አለው። ፑዌርቶ አርኸንቲኖ ግን የመጣው ከወታደር ጋር ነው፤ ነዋሪዎቹ ሲሰሙት ቢያማቸው አይገርምም። በ2013 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ 1,513ቱ በብሪታንያ ሥር መቆየትን ደግፈው ድምፅ ሲሰጡ፣ የተቃወሙት ሦስት ብቻ ነበሩ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ገለልተኛ ሆኖ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ምን ይበል?

መልስ፦ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አሠራር ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። በእንግሊዝኛ ሰነዶቹ ፎክላንድ ይቀድምና ማልቪናስ በቅንፍ ይገባል። በስፔንኛ ሲሆን ይገለበጣል፤ ማልቪናስ ፊት፣ ፎክላንድ ቅንፍ ውስጥ። ከቅንፍ ውጭ የሚቀመጠው ስም እንኳን የድርድር ጉዳይ ነው። በእኔ እምነት ሁለቱን ስም መጥራት ብቻውን አይበቃም። ዛሬ የሚያስተዳድረው ማን እንደሆነ፣ “ይገባኛል” የሚለውስ ማን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት። ያ ከሌለ አንባቢው ግራ ይጋባል።

ጥያቄ፦ ሰው በማይኖርባቸው ደሴቶችስ ስም ይህን ያህል የሚያጣላው ለምንድን ነው?

መልስ፦ በምሥራቅ ቻይና ባሕር ያሉትን ልውሰድ። ጃፓን ሴንካኩ፣ ቻይና ዲያዩ፣ ታይዋን ዲያዩታይ ይሏቸዋል። የሚያስተዳድረው ጃፓን ነው። ደሴት የያዘ አገር ቢያንስ በዙሪያው 12 የባሕር ማይል ውኃ ይኖረዋል። በአካባቢው ዓሣ አለ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ የተደረገ ጥናትም ከባሕሩ ወለል በታች ነዳጅ ሊኖር እንደሚችል ጠቁሟል። በ2012 የጃፓን መንግሥት ሦስቱን ከግል ባለቤት ሲገዛ በብዙ የቻይና ከተሞች ሰልፍ ወጥቷል። እንዲህ ባለ ሁኔታ አንድ ባለሥልጣን የሌላኛውን ወገን ስም አፉ ላይ ካስገባ፣ ነገ እንደ ማስረጃ ይጠቀስብኛል ብሎ ይሰጋል። ስጋቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ አገሮች ሲከራከሩ የድሮ ካርታና ደብዳቤ እየመዘዙ ነው።

ጥያቄ፦ “የብሪታንያ ደሴቶች” የሚለው ስም አይሪሾችን ያስቀይማል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ብዙዎቹን አዎ። በመልክዓ ምድር መጻሕፍት ውስጥ የተለመደ ስም ነው፤ አየርላንድንም ይጨምራል። አየርላንድ ግን በ1922 ነፃ መንግሥት አቁማለች፤ መንግሥቷም ስሙን አይጠቀምበትም። የ1998ቱ የሰሜን አየርላንድ የሰላም ስምምነት “እነዚህ ደሴቶች” ብሎ ነው ያለፈው። እናንተ “ብሪታንያና አየርላንድ” ብትሉ ማንም ቅር አይለውም።