ቬንቲሌተር በቆላውም በደጋውም ቤት

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ደሴ ላይ ጋቢ ሲደረብ ከሚሴና ቆቦ ላይ ሰው በላብ ይጠመቃል። ስለዚህ ለወሎ ቤት ሁሉ የሚሆን አንድ ምክር የለንም። ከቆላው እንጀምር።

ቬንቲሌተር የክፍሉን ሙቀት አይቀንስም። ነፋሱ ላባችንን ቶሎ ያተንናል፤ ገላችን የሚቀዘቅዘው በዚህ ነው። ሰው በሌለበት ክፍል ሲሽከረከር ቢውል ቆጣሪ ያስሮጣል፣ ሞተሩም ጥቂት ሙቀት ይጨምራል። ስትወጡ አጥፉት። በባዶ ቆርቆሮ ሥር ደግሞ ጣራው ያጋለውን አየር ወደ ታች ይደፋባችኋል፤ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ኮርኒሱ ይቅደም።

የተለመደው የኮርኒስ ቬንቲሌተር 70 ዋት ገደማ ይወስዳል። በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ በወር 21 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ብሩሽ አልባ (BLDC) የሚባል ሞተር ያለው 30 ዋት ገደማ ስለሚወስድ ወደ 9 ይወርዳል፤ ሲገዛ ውድ ቢሆንም ከሰኔ ሐሩር እስከ ጥቢ ለሚያበራ ቤት ያዋጣል። ኤርኮንዲሽነር ብዙውን ጊዜ ከ1,000 ዋት በላይ ነው።

ትልቁ ጥፋት የሚሠራው አሰቃቀሉ ላይ ነው። ችፑድም ሆነ የጨርቅ ኮርኒስ ምንም አይሸከምም። መንጠቆው ከጣራው ሞራሌ ጋር፣ ወይም በሁለት ሞራሌ መካከል በሚጋደም ጠንካራ እንጨት ላይ፣ በብሎን፣ በሮንዴላና በሁለት ዳዶ ይታሰር። ሚስማር አይሆንም፤ መንቀጥቀጡ ቀስ በቀስ ይነቅለዋል። ክንፎቹ ከወለሉ ቢያንስ 2.1 ሜትር፣ ከኮርኒሱ ደግሞ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቁ፤ ኮርኒሱን ከተጠጉ ከላይ የሚስቡት አየር ያጥራቸዋል። ተደራራቢ አልጋ ባለበት ክፍል ግን ባይሰቀል ይሻላል። ሥራ ሲጀመር ብሬከሩ ይውረድ። ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም፤ መስመሩ ተገልብጦ ከተሠራ ማብሪያው ኒውትራሉን (የመመለሻውን ሽቦ) ቆርጦ ፌዙን (ኤሌክትሪክ ያለበትን ሽቦ) እላይ ይተወዋል።

ሲወዛወዝ መጀመሪያ የክንፎቹን አቧራ ጥረጉ፣ ብሎኖቹን አጥብቁ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቆማችሁ ክንፎቹን በእጅ እያዞራችሁ ከእያንዳንዱ ጫፍ እስከ ኮርኒሱ በሜትር ለኩ። አንዱ ከሌሎቹ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለየ የክንፉ መያዣ ጎብጦ ይሆናል። ሲያጉረመርም፣ በእጅ ሲገፋ ብቻ ሲነሳ ወይም ሲያዘግም ብዙ ጊዜ የደከመው ካፓሲተሩ፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ዕቃ ነው፤ በላዩ የተጻፈውን የማይክሮፋራድ (µF) ቁጥር አይታችሁ በዚያው ልክ ቀይሩ። ሞተር ተቃጥሏል ብሎ አዲስ ለመግዛት አትቸኩሉ። ማታ ማታ ብቻ የሚያዘግም ከሆነ ግን የመስመሩን ቮልቴጅ አስለኩ። ሲያንኳኳ ወይም ሲያፏጭ ኩሽኔታው ይታይ።

ወደ ደሴ ስንወጣ ጥቅሙ ጠባብ ነው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል። ቬንቲሌተሩ አቅጣጫ መቀየሪያ ካለው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ወደ ላይ እንዲነፍስ ገልብጣችሁ በዝቅተኛው ፍጥነት ስታበሩት ሙቀቱ በግድግዳው በኩል ይመለሳል። ከሥሩ ቆማችሁ ነፋስ ከተሰማችሁ አቅጣጫው ተሳስቷል። ይህ የሚጠቅመው ኮርኒስ ላለው ከፍ ያለ ቤት ነው እንጂ ለዝቅተኛ ክፍል ልዩነት የለውም፤ ለዚህ ብቻ ብላችሁም አትግዙ። ከሰል በሚነድበት ክፍል ደግሞ ቬንቲሌተሩ ከከሰሉ የሚወጣውን ሽታ የሌለው መርዝ በክፍሉ ይበትነዋል እንጂ አያወጣውም። መስኮት ይከፈት፤ ከመኝታ በፊት ማንደጃው ደጅ ይውጣ።